የፑዌብላ ከተማ አርማ፦ ሁለቱ መላእክት፣ አምስቱ ግንቦችና ዙሪያውን የዞረው ጽሑፍ

ጥያቄ፦
«ባለቤቴ ለሥራ ሜክሲኮ ደርሶ ሲመለስ ከፑዌብላ ከተማ ነጭና ሰማያዊ የሸክላ ሳህን አመጣልኝ። መሃሉ ላይ አምስት ግንብ ያላት ከተማ ተሥላለች፤ በግራና በቀኝ ሁለት መላእክት ቆመዋል፤ ከላይ ኬ እና ቪ የሚባሉት የላቲን ፊደላት አሉ፤ ከታች ውሃ የሚመስል ነገር ይታያል፤ ዙሪያውን ደግሞ በላቲን ተጽፎበታል። የማዘጋጃ ቤቱ አርማ ነው ብለውታል። ሻጩ እንደነገረው አምስቱ ግንቦች የሜይ 5 ጦርነት መታሰቢያ ናቸው፤ ቪ ደግሞ ቪርሄን፣ ማለትም ድንግል ማርያም ነች። እውነት ነው? ጽሑፉስ ምን ይላል? ቤቴ ውስጥ ከመስቀሌ በፊት የምሰቅለውን ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሳህኑን ያለ ሐሳብ ይስቀሉት። በላኩት ፎቶ ላይ ያለው በእርግጥም የፑዌብላ ማዘጋጃ ቤት አርማ ነው። የሻጩ ማብራሪያ ግን ሁለቱም ልክ አይደለም። ቪ ድንግል ማርያምን አትወክልም፤ ግንቦቹንም ከሜይ 5 ጋር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ዙሪያውን ያለው ጽሑፍ ደግሞ ዳዊት የሚደግም ሰው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ነው፤ እሱን መጨረሻ ላይ ቃል በቃል እፈታልዎታለሁ።

ሻጩ ሊያታልል ፈልጎ ነው ብዬ አላምንም። አርማ ያየ ሰው ሁሉ ትርጉም ይፈልጋል፤ የሚያስረዳው ሲያጣ ደግሞ ከሚያውቀው ታሪክ ያመጣለታል። ፑዌብላ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ታሪክ የሜይ 5 ድል፣ ማለትም የፈረንሳይ ጦር እዚያ የተሸነፈበት ቀን ስለሆነ፣ አምስት የሆነ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይሄዳል። ንጉሥ የሰጠው አርማ ግን ከሥዕሉ ጋር ደብዳቤም አለው። የስፔን ነገሥታት ለአንድ ከተማ አርማ ሲሰጡ ሥዕሉን ብቻ አይልኩም ነበር፤ አርማው በሚሣልበት ጋሻ ላይ ምን ምን እንዳለ፣ በምን ቀለም እንደሆነ፣ የትኛው ከየትኛው በላይ እንደሚቀመጥ በቃል ዘርዝረው ይጽፉ ነበር። ሠዓሊ ሊሳሳት ይችላል፤ ቀለም ይደበዝዛል፤ ድንጋይ ይሸረፋል። ደብዳቤው ካለ አርማው እንደገና በትክክል ሊሣል ይችላል። ስለዚህ የእኔ ሥራ መገመት አይደለም፤ መጀመሪያ ደብዳቤውን ማንበብ ነው። ደብዳቤው ዝም ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ዝም ማለቱን መናገር ነው።

የፑዌብላ ደብዳቤ እ.ኤ.አ. ጁላይ 20 ቀን 1538 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በንጉሠ ነገሥት ካርሎስ አምስተኛ ስም የወጣ ነው። የሚዘረዝረው በአጭሩ ይህን ነው፦ አምስት የወርቅ ግንቦች ያሏት ከተማ፣ በአረንጓዴ መደብ ላይ የተቀመጠች፤ በግራና በቀኟ ሁለት መላእክት፣ ነጭ የለበሱ፣ ልብሳቸው በሐምራዊና በወርቅ የደመቀ፣ ከተማይቱን በእጃቸው የያዙ፤ ከመካከለኛው ግንብ ግራና ቀኝ ኬ እና ቪ የተባሉ ሁለት የወርቅ ፊደላት፤ ከከተማይቱ በታች በሰማያዊ መደብ ላይ የውሃ ወንዝ፤ በጋሻው ጠርዝ ዙሪያ ደግሞ በቀይ መደብ ላይ በወርቅ የተጻፈ የመዝሙር ቃል።

አሁን ሳህንዎን ያንሡና ከዚህ ጋር ያስተያዩት። ወርቁ የት አለ? አረንጓዴውስ? ቀዩስ? የለም። ሳህኑ ታላቬራ የሚባለው የፑዌብላ ሸክላ ነው፤ ከስፔን የመጣ ጥበብ ሲሆን ዩኔስኮ በ2019 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያስገባው ነው። የዚህ ሸክላ አንዱ የታወቀ ዓይነት በነጭ ላይ ሰማያዊ ብቻ የሚሣልበት ነው። ውበቱ አያጠያይቅም፤ ግን በአርማ ዓለም ቀለም ጌጥ አይደለም፣ የአርማው አካል ነው። በድሮው የአርማ ሕግ ወርቅና ብር «ብረት» ይባላሉ፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁርና ሐምራዊ ደግሞ «ቀለም» ይባላሉ። ብረት በቀለም ላይ ይቀመጣል እንጂ ቀለም በቀለም ላይ አይደረብም። ምክንያቱ አርማ መጀመሪያ በጦር ሜዳ ከሩቅ ተለይቶ እንዲታይ የተሠራ በመሆኑ ነው። በፑዌብላ አርማ ላይ ወርቃማ ከተማ በአረንጓዴ ላይ፣ ወርቃማ ጽሑፍ በቀይ ላይ የሆነው በዚሁ ልማድ ነው። የእርስዎ ሳህን ቀለሞቹን ሁሉ ወደ አንድ ሰማያዊ ስላመጣቸው፣ አረንጓዴው ምድርና ሰማያዊው ወንዝ እንኳ የሚለዩት በመስመሩ አጣጣል ብቻ ነው። «ውሃ የሚመስል ነገር» ያሉት ለዚህ ነው። ልክ ነዎት፣ ውሃ ነው።

ወደ ፊደላቱ እንምጣ። ኬ እና ቪ «ካሮሉስ ኩዊንቱስ» ማለት ናቸው፤ አርማውን የሰጠው የንጉሠ ነገሥቱ ስም ነው። በስፔንኛ ካርሎስ የሚጻፈው በሌላ ፊደል ነው፤ በላቲን ግን «ካሮሉስ» ተብሎ በኬ ሲጻፍ የኖረ ስም ነው፤ ከፍራንኮች ንጉሥ ከታላቁ ሻርለማኝ ዘመን ጀምሮ በነገሥታት ማኅተም ላይ የምናየውም ይህንኑ ኬ ነው። ቪ ደግሞ እዚህ ቦታ ፊደል ሆና አልመጣችም፤ በሮማውያን አኃዝ አምስት ነች። ሰውየው በስፔን ንጉሥነቱ ካርሎስ አንደኛ ነው፤ በቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥትነቱ ግን አምስተኛ ነው፤ በአርማው ላይ የተቀመጠው ይኸኛው ቁጥር ነው። ደብዳቤውም ራሱ ፊደላቱ ካርሎስ አምስተኛ ማለት እንደሆኑ ይናገራል፤ ስለዚህ ይህ የእኔ ግምት አይደለም።

ሌላም ማስረጃ አለ። ከፑዌብላ ብዙም የማትርቀው ትላሽካላ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1535፣ ከዚሁ ንጉሥ አርማ ተቀብላለች። እዚያ ላይ ሦስት ፊደላት አሉ፤ አንዱ የእናቱ የንግሥት ሁዋና፣ አንዱ የካርሎስ የራሱ ኬ፣ ሦስተኛው የልጁ የፊሊፔ። የንጉሣዊ ቤተሰብን ስም በፊደል ማስቀመጥ በዚያ ዘመን የተለመደ የክብር ምልክት ነበር። ሁለቱን አርማዎች ጎን ለጎን ያየ ሰው ቪዋን ድንግል ማርያም ናት ብሎ ለመገመት ምክንያት አያገኝም።

የሻጩን የአምስት ግንብ ትርጉም በተመለከተ መልሱ በዓመት ቆጠራ ይገኛል። የሜክሲኮ ጦር በጄኔራል ኢግናሲዮ ሳራጎሳ መሪነት የፈረንሳይን ጦር በፑዌብላ በሎሬቶና በጓዳሉፔ ምሽጎች ላይ ያሸነፈው ሜይ 5 ቀን 1862 ነው። አርማው የተሰጠው በ1538 ነው። በመካከሉ 324 ዓመት አለ። አምስቱ ግንቦች ያልተደረገ ጦርነት መታሰቢያ ሊሆኑ አይችሉም። ታዲያ ለምን አምስት ሆኑ? ደብዳቤው አምስት ናቸው ይላል፤ ለምን አምስት እንደሆኑ አይናገርም። አንዳንዶች ከ«አምስተኛው» ካርሎስ ጋር ያያይዙታል፤ ሐሳቡ አያስጠላም፤ ነገር ግን የተጻፈ ነገር አይደለም፤ እኔም እንደ እውነት አልነግርዎትም።

ስለ ግንቦቹ ይልቅ ልነግርዎ የምፈልገው ሌላ ነገር አለ፤ እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝም ይሄ ነው። አርማው ላይ ያለችው ከተማ በ1538 አልነበረችም። ፑዌብላ የተመሠረተችው ኤፕሪል 16 ቀን 1531 ነው። የመጀመሪያውን ቅዳሴ የቀደሰው ቶሪቢዮ ደ ቤናቬንቴ የተባለ የፍራንሲስካን መነኩሴ ነው፤ የአገሩ ሰዎች «ሞቶሊኒያ» ብለው ይጠሩት ነበር፤ በአገሬው ሰዎች ቋንቋ በናዋትል «ድሃው» ማለት ነው፤ እሱም ስሙን ወድዶ ያዘው። ሞቶሊኒያ ያንን ቀን ጽፎልናል። ከትላሽካላ ብቻ ሰባት ወይም ስምንት ሺህ የአገሬው ሰዎች መጡ፤ ከዌሆትሲንጎ፣ ከካልፓን፣ ከቴፔያካና ከቾሉላም ከዚያ ጥቂት የሚያንሱ መጡ። እየዘፈኑ፣ እንጨትና ገመድ፣ ሣርም ተሸክመው መጡ። መሬቱን መነጠሩ፤ መስመር ተዘርግቶ መንገዱ ቀጥ ብሎ ተለካ፤ ለአርባ ያህል ስፔናውያን ነዋሪዎች ጎጆ ቀለሱላቸው። የጭቃና የሣር ጎጆ ማለቴ ነው። የወርቅ ግንብ የለም።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ዝናቡ በረታ፤ ውሃው ጎጆዎቹ መሃል ገባ፤ ብዙዎች ይህ ቦታ ለከተማ አይሆንም አሉ። ከተማዋ ተስፋ ሳትቆርጥ በአጠገቧ ከሚፈስሰው ወንዝ በስተ ምዕራብ ተዘረጋች። አርማው ሲሰጣት ሰባት ዓመቷ ነበር። ስለዚህ አምስቱ የወርቅ ግንቦች ፎቶግራፍ አይደሉም፤ ገና ልትሆን ያሰበችውን የሚያሳዩ ናቸው። በዚያው ላይ እነዚያ እየዘፈኑ እንጨት የተሸከሙ ሺዎች በጋሻው ላይ የትም የሉም። የመላእክቱ እጅ ከተማይቱን ይዟል፤ የሠሩት እጆች ግን አልተሣሉም። አርማን ስናነብ የተሣለውን ብቻ ሳይሆን ያልተሣለውንም መጠየቅ ያስፈልጋል ብዬ የማምነው ለዚህ ነው።

ወንዙን ግን በእውነት የነበረ ወንዝ አድርገው ይውሰዱት። ሳን ፍራንሲስኮ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው በዳርቻው ከነበረው የፍራንሲስካውያን ገዳም ነው። ይህ ወንዝ ለብዙ ዘመን የከተማዋ ወሰን ነበር። በምዕራቡ በኩል ስፔናውያን፣ በምሥራቁ በኩል የአገሬው ሰዎች ይኖሩ ነበር። ከምሥራቁ ሰፈሮች አንዱ እስከ ዛሬ አናልኮ ይባላል፤ በናዋትል «ከውሃው ማዶ» ማለት ነው። ስሙ ራሱ ቆሞ የሚያየው ሰው የት እንዳለ ይነግርዎታል፤ «ማዶ» የሚለው ከወዲህ ያለው ነውና።

ዛሬ ፑዌብላ ሄደው ወንዙን ቢፈልጉት አያገኙትም። በ1960ዎቹ በቧንቧ ተሸፍኖ ከመሬት በታች ገባ፤ በላዩ ላይ ሰፊ መንገድ ተሠራ። የመንገዱ ስም የሜይ 5 ጀግኖች ጎዳና ነው። ያንን ወንዝ ይሻገሩበት የነበረ ቡባስ የሚባል አሮጌ የድንጋይ ድልድይም ከአሁኑ መንገድ በታች ተቀብሮ ኖሮ ተገኝቷል፤ አሁን ታድሶ ለጎብኚ ክፍት ሆኗል። ወደ ታች ወርደው በቅስቱ ሥር ይሄዳሉ፤ መኪናው በላይዎ ያልፋል፤ ውሃው ግን የለም። የወንዙን ቅርጽ የሚያሳየው የድንጋዩ ቅስት ብቻ ነው። እዚያ የቆመ ሰው የማዘጋጃ ቤቱ አርማ ላይ ያለውን ሰማያዊ ውሃ ሲያይ የሚሰማው ሌላ ነው። የከተማዋ ወረቀት፣ የከተማዋ ሕንጻ ሁሉ ላይ ወንዙ ይፈስሳል፤ መንገድ ላይ ግን የለም። የእርስዎ ሳህን ላይ ከግንቦቹ በታች ያሉት ሦስት አራት ሞገደኛ መስመሮች ይህንን ወንዝ ነው የያዙት።

አሁን መላእክቱ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። የትላሽካላ የመጀመሪያው ጳጳስ ሁሊያን ጋርሴስ አንድ ሌሊት ሕልም አየ፤ በሁለት ተራሮች መካከል ባለ ለምለም ሜዳ ላይ መላእክት ገመድ ይዘው የከተማ መንገድ ሲለኩ ተመለከተ። ሲነጋ መነኮሳቱን ይዞ ሄዶ ያንን ቦታ አገኘው፤ ከተማዋም እዚያ ተሠራች። ይህ ታሪክ በፑዌብላ ሕፃን ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ እኔም ሲነገር ደስ ይለኛል። ነገር ግን በአርማው ደብዳቤ ውስጥ ስለ ሕልም አንድም ቃል የለም። በቦታው የነበረው ሞቶሊኒያም ስለ እንጨት፣ ስለ ሣር፣ ስለ ዝናብ ሲጽፍ ይህን ሕልም አላነሣም። ታሪኩን የምናገኘው ከኋላ በመጡ ጸሐፊዎች ዘንድ ነው።

ታዲያ መላእክቱ ከየት መጡ? ከስሟ ነው። በ1532 ከስፔን የወጣ የንግሥት ትእዛዝ ከተማዋን «የመላእክት ከተማ» ብሎ ሰይሟታል፤ ሙሉ ስሟም ፑዌብላ ደ ሎስ አንኼሌስ፣ «የመላእክት ሰፈር» ሆነ። ከስድስት ዓመት በኋላ አርማ ሲሰጣት ስሟን በሥዕል አስቀመጡላት። በአርማ ጥናት ይህ የታወቀ ዘዴ ነው፤ «የሚናገር አርማ» ይባላል። በስፔን የካስቲያ አርማ ካስቲዮ፣ ማለትም ግንብ ነው፤ የሌዮን አርማ ሌዮን፣ ማለትም አንበሳ ነው፤ የግራናዳም ግራናዳ፣ ማለትም ሮማን ነው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ጋሻውን አይቶ ስሙን ይጠራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከጥያቄዎ ትንሽ ወጣ ያለ ቢሆንም። ስፔናውያን ከመምጣታቸው በፊት የአገሬው ሰዎችም የቦታ ስም የሚጽፉት በዚሁ መንገድ ነበር። «ቻፑልቴፔክ» የሚለው ስም የፌንጣ ተራራ ማለት ነው፤ ሲጽፉት ተራራ ይሥላሉ፣ በላዩ ፌንጣ ያስቀምጣሉ። «ኮዋቴፔክ» የእባብ ተራራ ነው፤ ተራራና እባብ ይሣላል። ዛሬ በሜክሲኮ ብዙ ማዘጋጃ ቤቶች፣ በተለይ በዋና ከተማው ዙሪያ ባለው ክፍለ ግዛት ያሉት፣ የአርማቸውን መሃል የሚይዙት እንዲህ ዓይነት ጥንታዊ የስም ሥዕሎች ናቸው። ፑዌብላ ያለችበት ቦታ በናዋትል ኩኤትላሽኮዋፓን ይባል ነበር፤ ብዙ ጊዜ «እባቦች ቆዳቸውን የሚለውጡበት ቦታ» ተብሎ ይተረጎማል። አርማዋ በአገሬው መንገድ ቢሠራ ኖሮ ሳህንዎ ላይ የሚያዩት መላእክትን ሳይሆን እባብና ውሃ ይሆን ነበር። ሁለቱ ሕዝቦች እርስ በርሳቸው ሳይተዋወቁ ስምን በሥዕል መጥራትን ለየብቻቸው መጀመራቸው፣ ስንት ዓመት ሳነበው ኖሬ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ወደ መላእክቱ ልመለስ። በአርማው ላይ እነማን ናቸው? ሚካኤልና ገብርኤል ናቸው የሚል ያጋጥምዎ ይሆናል። ደብዳቤው ስም አይጠራም፤ ሁለት መላእክት ይላል፣ በቃ። የከተማዋ ጠባቂ ቅዱስ ሚካኤል መሆኑ እውነት ነው፤ በመሃል አደባባይዋ ባለው ምንጭ ላይ ሐውልቱ ቆሟል፤ ግን ከዚያ ተነሥቶ በጋሻው ላይ ያለውን መልአክ ሚካኤል ማለት ሌላ እርምጃ ነው። ደብዳቤው ልብሳቸውን ይነግረናል፤ ነጭ፣ በሐምራዊና በወርቅ የደመቀ። ደግሞም ምን እያደረጉ እንደሆነ ይነግረናል፤ ከተማይቱን ይዘዋል። ይህን ቃል አጥብቀው ያስቡት። በብዙ ዘመናዊ ሥዕሎች መላእክቱ ከከተማዋ ራቅ ብለው እንደ ዘብ ቆመው ይታያሉ። የደብዳቤው ቃል ግን መያዝ ነው፤ እጅ ግድግዳውን የነካበት። የእርስዎ ሳህን ሠዓሊ ይህን ጠብቆታል። በፎቶው ላይ የግራው መልአክ ጣቶች የዳር ግንቡን ጠርዝ ጨብጠዋል፤ አንዷ ጣት ከመስመሩ ውጭ ወጥታለች። ሠዓሊው እጁ ሸሽቶ ይሆናል፤ ቃሉን ግን አልሳተም።

«ከተማዋ የመላእክት ከሆነች ለምን ካርታ ላይ በሌላ ስም ትጠራለች?» ብለው እንዳይቸገሩ ይህንንም ላንሣ። ጄኔራል ሳራጎሳ ድሉን ባገኘ በአራት ወሩ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1862፣ በተስቦ በሽታ ሞተ። ከሦስት ቀን በኋላ ፕሬዚዳንት ቤኒቶ ሁዋሬስ ከተማዋ በስሙ እንድትጠራ አዘዙ፤ የዛሬ መደበኛ ስሟ «ጀግናዋ ፑዌብላ ደ ሳራጎሳ» ነው። መላእክቱ ከስሟ ወጡ። ከአርማዋ ግን አልወጡም። ሕዝቡም እስከ ዛሬ ፍቅሩን ሲገልጽ «አንኼሎፖሊስ» ይላታል፤ የመላእክት ከተማ። ስለዚህ ሻጩ ሜይ 5ን ከከተማዋ ጋር ማያያዙ ልክ ነው፤ ድሉ ስሟን ቀይሮታል። አርማዋን ግን አልነካውም። ጋሻው ላይ ያለው የ1538ቱ ስም ነው።

በመጨረሻ ጽሑፉ። ለአማርኛ አንባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ ስላሰብኩ ነው ወደ ኋላ ያቆየሁት።

ቃሉ የመዝሙረ ዳዊት ነው፤ በላቲኑ ቊጥር መዝሙር 90፣ ቊጥር 11። በእኛ በግዕዙ ዳዊትም 90 ነው፤ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» ብሎ የሚጀምረው። የዕብራይስጡን አቆጣጠር በሚከተሉ መጻሕፍት 91 ሆኖ ያገኙታል። የላቲኑና የግዕዙ ቊጥር አንድ የሆነው ሁለቱም የግሪኩን የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም አቆጣጠር ስለያዙ ነው። እንግዲህ በፑዌብላ አርማ ዙሪያ የተጻፈውና አያትዎ ማታ ማታ የሚደግሙት አንድ ቃል ነው፤ ቊጥሩ እንኳ አልተለያየም።

ሳህኑን እንዲህ ያንብቡት። ከላይ ከግራ በኩል ይጀምሩና እንደ ሰዓት ዘንግ ይዙሩ። «አንጀሊስ ሱዊስ» ይላል፤ ግዕዙ «ለመላእክቲሁ» ነው፤ ለመላእክቱ። ቀጥሎ «ዴዉስ»፤ እግዚአብሔር። ይህ ቃል በመዝሙሩ በዚያ ቊጥር ላይ የለም። መዝሙሩ «እስመ» ብሎ ከፊተኛው ዓረፍተ ነገር ጋር አያይዞ ይመጣል፤ አዛዡ ማን እንደሆነ ከፊቱ ስለተጠራ መድገም አያስፈልገውም። ቃሉ ለብቻው ተነጥሎ ሲነገር ግን «እስመ» ይቀራል፣ የአዛዡም ስም መግባት አለበት። በላቲን ጸሎት ውስጥ ለብቻው ሲባል የኖረው በዚህ መልክ ነው፤ ጋሻው ላይ የተቀመጠውም ይኸው ነው።

ከዚያ «ማንዳቪት»፤ አዘዘ። እዚህ ላይ ከግዕዙ ጋር ትንሽ ይለያያሉ። ግዕዙ «ይኤዝዞሙ» ይላል፤ ያዝዛቸዋል፣ ወደፊት ነው፤ ግሪኩም እንዲሁ ነው። ላቲኑ ግን አዘዘ ብሎ ያለፈ አድርጎታል። በመዝሙሩ ውስጥ ልዩነቱ ቀላል ነው። በአንድ ከተማ ጋሻ ላይ ሲጻፍ ግን ክብደት ያገኛል፤ ትእዛዙ ወጥቷል፣ መላእክቱም ቦታቸውን ይዘዋል ማለት ነውና። ከጽሑፉ መሃል ያለው ሥዕልም ይህንኑ ነው የሚያሳየው፤ እጃቸው ግንቡ ላይ ነው።

«ደ ቴ» ሲል «በእንቲአከ» ነው፤ ስለ አንተ። «ኡት ኩስቶዲያንት ቴ»፣ «ከመ ይዕቀቡከ»፤ ይጠብቁህ ዘንድ። መጨረሻ ላይ «ኢን ኦምኒቡስ ቪዪስ ቱዊስ»፣ «በኵሉ ፍናዊከ»፤ በመንገድህ ሁሉ። ከ«ዴዉስ» በቀር የቃላቱ ቅደም ተከተል እንኳ ከግዕዙ ጋር አንድ ነው፤ ግዕዙን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ላቲን ሳይማር ጣቱን እየሰደደ ሊከተለው ይችላል።

«በመንገድህ ሁሉ» የሚለው ሐረግ በወንጌል ሰይጣን ይህንኑ መዝሙር ለጌታ ሲጠቅስ የዘለለው ነው፤ በማቴዎስም በሉቃስም አይገኝም። ፑዌብላ ግን ሳታስቀር ይዛዋለች። የሚከተለው የእኔ ንባብ ነው፣ ደብዳቤው አይለውም፦ ይህች ከተማ የተሠራችው ከቬራክሩስ ወደብ ወደ ሜክሲኮ ከተማ በሚያወጣው መንገድ ላይ ለሚጓዘው ማረፊያ እንድትሆን ነው። ነጋዴው፣ የበቅሎው ጭነት፣ መነኩሴው ሁሉ በዚያ ያልፍ ነበር። በመንገድ ላይ ለበቀለች ከተማ ከዚህ የተሻለ ቃል ከመላው ዳዊት ውስጥ ማን ሊመርጥ ይችል ነበር? እኔ አላገኘሁም።

በሳህንዎ ላይ ግን ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ አለ። ሠዓሊው ከላይ ፊደላቱን ዘርዘር አድርጎ ስለጀመረ ወደ መጨረሻው ቦታ አጥሮታል፤ «ቪዪስ» እና «ቱዊስ» ያለ ክፍተት ተጣብቀው አንድ ቃል መስለዋል፤ በ«ቪዪስ» ውስጥ ካሉት ሁለት የኢ ፊደላት አንዷ ደግሞ ከቪ እግር ሥር ተሸጉጣለች። ሲያነቡ እዚያ ላይ ቆም ይበሉና ለሁለት ይክፈሉት፤ «መንገድህ» የሚለው ቃል ያለው እዚያ ነው። ሲሰቅሉትም መካከለኛው ግንብ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ እንዲቆም ያድርጉት፤ ትንሽ ከዞረ ኬ ዝቅ፣ ቪ ከፍ ይልና ወንዙ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።